የሽማግሌው ኳንግ አፍንጫ

ሳንቲሙ ሐሰተኛ መሆኑ የተነገረው በምሳ ግብዣ ላይ ነው፤ ያውም ዓሣው ገበታ ላይ ቀርቦ፣ ማንም ሳይነካው።

ኢንስፔክተር ሎው ሹዌኪን ስትደርስ ዓሣው ቀዝቅዟል። እንግዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው እርስ በርስ በጎን ይተያያሉ። የቤቱ ባለቤት ቢ ዣዎሊን፣ በታይዩዋን ከተማ ዳርቻ የብረት ማቅለጫ ያለው ወፍራም ሰው፣ መሐል ቆሞ ይጮሃል።

«ተዘርፌአለሁ! እቤቴ ገብተው፣ ካዝናዬን ከፍተው፣ እውነተኛውን ወስደው ሐሰተኛ አስቀመጡልኝ!»

«መጀመሪያ ተቀመጥ» አለችው ሎው። «ሐሰተኛ ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ቀጭን ሴት። ሳንቲሙን ሊገዛ ከኒንግቦ የመጣው ነጋዴ ይዟት የመጣ ገምጋሚ ናት። «የዛሬ ሺህ ዓመት የነበሩት የሊያዎ መንግሥት ሰዎች ሳንቲም ሲያቀልጡ ግድ አልነበራቸውም። ጠርዙ ይጎብጣል፣ የመሐሉ ቀዳዳ ይጣመማል፣ ፊደሉ የሰከረ ሰው የጻፈው ይመስላል። ይህኛው ግን ሰካራም መስሎ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ነው።»

«ይህን ብቻ አይተሽ ነው?»

«ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬም አሸተትኩት። ኮምጣጤ ሸተተኝ፤ አዲስ መዳብ ያረጀ እንዲመስል የሚዘፈዘፍበት ነው።»

ከግድግዳው በኩል ሳቅ ፈነዳ። «እሜቴ፣ በዚህ በሻንሺ ክፍለ ሀገር ኮምጣጤ የማይሸት ነገር ካገኙ ለእኛም ያሳዩን» አለ አንዱ። «እኔም እሸታለሁ፣ ሚስቴም ትሸታለች!»

ሎው ሳቋን ዋጠች። ሳንቲሙ የተኛበትን የእንጨት ሳጥን አንስታ ወደ ፊቷ ስታቀርበው አንድ ጎምዛዛ ሽታ ሽው አላት። ከመምጣቷ በፊት ኮምጣጤ የበዛበት ኑድል በልታ ነበርና የራሷ ጣት መሰላት፤ ሳጥኑን መልሳ አስቀመጠችው።

«ስትገዛው እውነተኛ ነው ብሎ የመሰከረልህ ማነው?» ስትል ቢን ጠየቀችው።

«ኳንግ ሺሹን።»

ሳቁ ቆመ። በከተማው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሽማግሌው ኳንግ ያሸተቱት ሳንቲም እንደ ተመሰከረለት ነው። ዓይን ይሸነገላል፣ አፍንጫ ግን አይሸነገልም ይላሉ። ከአፈር የወጣ መዳብ አፈር አፈር ይላል፤ በአሲድ የዛገው ያቃጥላል፤ በሙጫ የተለጠፈው ዝገት ደግሞ ጫማ ጫማ ይሸታል። ሰዉ «አፍንጫው ኳንግ» ብሎ ነው የሚጠራቸው።

«ኳንግ የመሰከሩለት ሳንቲም እውነተኛ ነው» አለ ቢ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየቀጠቀጠ። «ይሄ ሐሰተኛ ነው። ስለዚህ ተቀይሯል። ከዚህ ሌላ ምን ፍልስፍና አለው?»

ከኋላው ግድግዳ ላይ የሳንቲሙ ፎቶ ተሰቅሏል። በገዛው ቀን አስነስቶ አስፍቶት አራቱ ፊደሎች እያንዳንዳቸው የሰው ጭንቅላት ያክላሉ። እንግዶች ሲበሉ እያዩት እንዲበሉ ነው።

«ከካዝናው ወጥቶ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ። ከጥቂት ወራት በፊት ኳንግ በልኩ ሳጥን ላሠራለት ብለው ወሰዱት። መልሰዋል። አሁን ምን እንደመለሱ እንጃ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁልፉ ደግሞ የሚስቴ ወንድም ዲያዎ ጋ ነው። ምንም አላልኩም፤ ብቻ እወቂው።»

ዲያዎ ከፋብሪካው ጓሮ ሚዛን አጠገብ ሲጋራ እያጨሰ ነበር። ፖሊስ ሲያይ አልደነገጠም፤ ሎውን ያስጠረጠራትም ይኸው ነው።

«ካዝናው ሁለት ቁልፍ ነው ያለው» አላት። «አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እህቴ አንገት ላይ። ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። የእህቴን አንገት የሚዳፈር ወንድ ካገኙ እኔ ራሴ እሸልመዋለሁ።»

«ወደ ሰሜን ትመላለሳለህ አሉኝ። ሐሰተኛ ሳንቲም ወደሚያቀልጡበት መንደር።»

«የፋብሪካውን ቁርጥራጭ መዳብ ልሸጥ።»

«ለሐሰተኛ ሠሪዎች?»

«ለሚገዛኝ። እርስዎ ጎመን ሲገዙ ባለጎመኗ ለማን ሊያበሉት ነው ትልዎታለች?»

«እዚያ ከገበያው የምታውቀው ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ዲያዎ ጭሱን ወደ ላይ ለቀቀው። «እዚያ የሚሄድ ሁሉ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ያወርዳል። እኔም አወርዳለሁ።»

ሎው እህቱን ጠየቀች። ሴትዮዋ ቁልፉን ከልብሷ ሥር አውጥታ አሳየቻት። ክሩ አንገቷ ላይ መስመር ሠርቷል። ይህ ዲያዎን ነጻ አላወጣውም፤ ሰው ከእህቱ ጋርም ይሰርቃል። ነገር ግን ሎው የኳንግን በር ለማንኳኳት ቸኮለች።

በሩን የከፈተው የሽማግሌው ተማሪ ቹ ሚንግዳ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ እጅጌው ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። በገበያው የኳንግ ወራሽ እሱ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሎው ሳንቲሙን በመዳፏ ዘረጋችለት። ቹ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ጠረጴዛው ላይ ያኑሩልኝ፣ እባክዎ» አለ ፈገግ ብሎ። «በእኛ ሥራ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ቢወድቅ ማን ጣለው የሚል ጠብ ይመጣል። አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሳል።»

ሎው አስቀመጠችው። ሽማግሌው ኳንግ ከወንበራቸው ሳይነሱ አጎንብሰው አዩት። ቀጭን፣ ነጭ ጢማም፣ ትከሻቸው ያልጎበጠ ሰው ናቸው። አላነሱትም። አላሸተቱትም።

«ሐሰተኛ ነው» አሉ።

«አያሸቱትም?»

«መምህሬን ጉንፋን ይዟቸዋል» አለ ቹ ፈጠን ብሎ።

ሎው ሽማግሌውን አየቻቸው። ድምፃቸው የጠራ ነው፤ መሐረብም አልያዙም።

«ያኔ ቢ ሲገዛው ያዩት ይህን ነው?»

ከማእድ ቤት በኩል የሚቃጠል ነገር ሽታ ይመጣ ጀመር። ሎው አፍንጫዋን ሰበሰበች። ሽማግሌው ጥያቄዋን ዘለው ስለ ሳጥኑ እንጨት ዓይነት፣ ስለ አናጢው ጥሩነት መናገር ያዙ። ጭሱ በበሩ ሥር ሲገባ እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ቹ ግን ገና ሽታው ሲጀምር ብድግ ብሎ ሄዶ ነበር፤ ድስቱን ወደ ውጭ ይዞ ሲወጣ ታየ።

«አሁንም ረሱት መምህሬ» አለ ሲመለስ። «እርጅና ነው።»

«ያኔ ያየሁት እውነተኛ ነበር» አሉ ኳንግ በድንገት፣ ለጥያቄዋ መልስ መሆኑ ነው። ዓይናቸው ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ለበዓል የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰዋል።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አሉ። «ሳጥን ላሠራለት ብዬ የወሰድኩት ጊዜ። ጻፊው ልጄ፤ እፈርማለሁ።»

ሎው ብዕሯን አነሳች። «እውነተኛውን ለማን ሸጡት?»

«ለመንገደኛ። ስሙን አልጠየቅኩም።»

«የት?»

«ከድልድዩ አጠገብ። እጁ ላይ አደረግኩለት፤ ጨብጦ ሄደ።»

ብዕሩ ቆመ። «እጁ ላይ?»

«እጁ ላይ።»

ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያላሳለፉ ሰው፣ ያንን ብርቅ ሳንቲም በመንገደኛ መዳፍ ላይ አደረግኩ ይላሉ። ሎው ምንም ሳትል አስፈረመቻቸው።

ጉዳዩ ለጣቢያው አዛዥ ደስታ ሆነለት። «ተዘጋ!» አለ። «ምን ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ? ሰውየው ራሱ መጥቶልሻል።»

«ሌባ አልሰረቅኩም ብሎ ሲዋሽ ለምጃለሁ» አለች። «ሰረቅኩ ብሎ የሚዋሽ ሲያጋጥመኝ ግን ማንን እንደሚሸሽግ ማወቅ አለብኝ።»

ወደ ቢ ቤት ተመለሰች። ወንበር ጠይቃ ግዙፉ ፎቶ ፊት ወጣችና ሳንቲሙን በማጉያ መነጽር ከፎቶው ጋር ታስተያይ ጀመር። በግራው ፊደል እግር ሥር የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጉድጓድ አለች፤ ፎቶው ላይ ጡጫ አክላለች። ከጠርዙ በላይ በኩል ትንሽ የተሸረፈች ቦታ አለች፤ ፎቶው ላይም አለች።

ከወንበሩ ወረደች። «ማንም አልሰረቀህም» አለችው ቢን።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በገዛኸው ቀን ያስነሳኸው ፎቶ ይህንኑ ሳንቲም ነው። መጀመሪያውኑ ሐሰተኛ ነው የገዛኸው።»

ቢ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳ። «አይሆንም! መሰላል ላይ ወጥቼ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ! በሰሜን በኩል ሃዎ የሚባል ገበሬ ቤቱን ሊያፈርስ ነው፣ ቤት ሲሠራ ከጣሪያው አግዳሚ ሥር የሚቀመጠው የበረከት ሳንቲም አልተነካም ብሎ የነገረን ቹ ነው፤ የድለላውን ገንዘብ የተቀበለኝም እሱ ነው። ሦስታችንም ሄድን። አቧራውን በአፌ በላሁት! ኳንግ ተቀብለው አሸተቱ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። ‹ምድር ይሸታል› አሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«ታዲያ ሳይሰርቁ ሰረቅኩ ያሉት ለምንድን ነው?»

ቢ ፊቱን ወደ ፎቶው አዞረ።

እኩለ ቀን ላይ ጣቢያው ውስጥ ዓመፅ ሊነሳ ነበር። የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ኮምጣጤ አልቆበት ኑድሉን በሶያ ሶስ፣ በጨዋማው የአኩሪ አተር ማጣፈጫ፣ አቅርቧል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ጠርሙሱም ያው ነው።

«በዚህ አገር ኮምጣጤ የሚያልቅበት ምግብ ቤት መታሸግ አለበት!» ይላል ጂንግ የሚባለው ወጣት ፖሊስ። «አያቴ ይህን ብትሰማ ከሥራ ታስወጣኝ ነበር።»

ጩኸቱ ከበረደ በኋላ ሽማግሌው ኳንግ ከማረፊያ ክፍል ወጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ጠርሙሱን አንስተው ኑድላቸው ላይ አብዝተው ቀዱበት፤ በሻንሺ ሰው ደንብ እስኪጠቁር ድረስ። ጎረሱ። አላመጡ።

«ጥሩ ኮምጣጤ ነው» አሉ ለጂንግ በትሕትና። «የቆየ ነው።»

ጂንግ መብያ እንጨቱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። የሻንሺ ሰው በጨለማ ሚስቱን ሊሳሳት ይችላል፤ ኮምጣጤውን አይሳሳትም። የሚሳቅ መስሎት ወደ ሎው ዞረ። ሎው አልሳቀችም። የሚጨሰው ድስት፣ ሳይሸተት ጠረጴዛ ላይ የቀረው ሳንቲም፣ የሌለው ጉንፋን ባንድ ላይ መጡባት።

ጂንግን አስወጣችውና ሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሳንቲሙን ከኪሷ አውጥታ ትኩስ ሻይዋ ውስጥ ጣለችው፤ በማንኪያ አወጣችው፤ አሸተተችው። ኮምጣጤ ነው፣ እንደ ጎረቤት ጓዳ። ማስረጃው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እጇ ላይ ነበር። የኒንግቦዋ ሴት እንግዳ ስለሆነች አወቀችው፤ እነሱ ግን በለመዱት ሽታ መሐል ተሰውሮባቸው ሳቁባት።

«መምህር» አለች ቀስ ብላ። «ሽታ ከለቀቀዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

ኳንግ መብያ እንጨቶቹን ሳህኑ ላይ አጋደሙ።

«ካለፈው የብርድ ወራት ትኩሳት ወዲህ» አሉ በመጨረሻ። «ምላሴም አብሮ ሄዷል። የምበላው ገለባ ይሁን ሥጋ አላውቅም።»

«ሌባ ነኝ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ሌባ ብባል የምወቀሰው በእጄ ነው። አፍንጫው ሞቷል ከተባለ ግን፣ በጤናዬ ጊዜ የመሰከርኩለት ሁሉ አብሮ ይሞታል። አንዲት ባልቴት ለክፉ ቀኔ ብላ በጨርቅ የቋጠረችው ሳንቲም አለ። አባት ለልጁ ያወረሰው አለ። የኔ ቃል እኮ ነው ዋጋቸው። እጄን እሰሩት ልጄ፤ አፍንጫዬን ተዉልኝ።»

«ይህን ሳንቲም የሠራው ሰው ሽታውን ለመደበቅ እንኳ አልደከመም። ሊያሸቱት እንደማይችሉ ያውቅ ነበር። ማን ነው የሚያውቀው?»

ኳንግ የኑድሉን ሳህን ገፋ አደረጉት።

«ድስትዎ ሲቃጠል ገና ጭሱ ሳይታይ ማን ሮጠ? ጉንፋን ይዟቸዋል ያለኝ ማን ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው። አይናገሩ መምህሬ፣ እኔ አፍንጫ እሆንዎታለሁ አለኝ። ሳንቲም ሲመጣ ቀድሞ ያየዋል፤ ከዚያ ከኋላዬ ይቆማል። ሐሰተኛ ከሆነ ያስላል። ዝም ካለ እውነተኛ ነው እላለሁ። እንዲህ ስንኖር ቆየን።»

«በገበሬው ቤትስ?»

«ዓይኔ ጠርጥሮ ነበር። ፊደሉ አልጣመኝም። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ቢ አፌን ያያል፣ ገበሬው አፌን ያያል። ሳሉን ጠበቅኩ። አልመጣም። ‹ምድር ይሸታል› አልኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስህተት ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ። ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጪው፣ የቹን ፊት ሳየው፣ ስህተት እንዳልሆነ ገባኝ።»

«እንግዲያው ይህን ለአቃቤ ሕግ ይንገሩ።»

«አልችልም።»

«መምህር፣ ይስሙኝ። በፈረሙት ቃል ከጸኑ እርስዎ ይታሰራሉ፣ ቹ ደግሞ ወንበርዎ ላይ ይቀመጣል። የምስክር ወረቀት የሚያትሙበት ማኅተምዎ እሱ ጋ ነው። ባልቴቷ ነገ የምትሄደው ወደ ማን ነው?»

ኳንግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሎው ተነሳች። በሩ ላይ ለጂንግ «ሐሳባቸውን ከቀየሩ የሚሉህን አድርግ» ብላ ወጣች።

ገበሬው ሃዎ ፍርስራሹ ፊት ተቀምጦ ጡብ ይጠርባል። ስለ አግዳሚው ስትጠይቀው ተናደደ፤ በእሷ ግን አልነበረም።

«እነዚያ ሳንቲም ፈላጊዎች ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሰው የራሱን መሰላል ተሸክሞ መጣ። የድሮ አሠራር አጠናለሁ አለኝ። ሊፈርስ ነው፣ ምን ቸገረኝ፣ ውጣ አልኩት። ሲወርድ የሲጋራ ፓኮ አወጣልኝ። እጄን ዘረጋሁ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ‹ያንሱት› አለኝ! ውሻ ነኝ? እጄ ቆሻሻ ነው? አባቴ ይሙት፣ እስከ ዛሬ አልተቀደደም፣ ያው እዚያ አለ!»

ሎው ፎቶዎች ዘርግታ አሳየችው። ሃዎ ጣቱን ቹ ሚንግዳ ግንባር ላይ ተከለው። «እሱ ነው። ያ ባለጌ። በኋላ ከእነዚያ ጋር ተመልሶ መጥቶ እንደማያውቀኝ ሆነ።»

ቹን ገበያው ውስጥ በኳንግ መደብር አገኘችው። በመምህሩ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ከኋላ ክፍል ፖሊሶች አንድ የሸክላ ጋን አወጡ፤ ክዳኑ ሲነሳ ኮምጣጤው ዓይን ያስነባል፤ ከሥሩ ሳንቲሞች ተኝተዋል።

ቹ አልሸሸም። ድምፁም አልተለወጠም።

«ሳንቲም በኮምጣጤ ማጠብ ወንጀል ነው? ለገበሬ ሲጋራ መስጠትስ? ሐሰተኛውን እውነተኛ ነው ብዬ የሸጥኩት እኔ ነኝ?» በዙሪያው ለተሰበሰበው ሰው ጭምር ነው የሚናገረው። «የመሰከሩት እሳቸው ናቸው። ሰረቅኩ ብለው የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። አላውቅም ቢሉ ማን ምላሳቸውን ያዘ? እኔን የሚከስሰኝ ካለ መምህሬ ይክሰሱኝ።»

ከተናገረው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ደግሞም የሽማግሌው ቃል ከሌለ ይህ ሰው ዛሬውኑ ወንበሩ ላይ እንደሚመለስ ሎው ታውቃለች።

ሰዉ መንገድ መልቀቅ ጀመረ። ሽማግሌው ኳንግ በካፖርታቸው፣ ጂንግ ከጎናቸው፣ እየመጡ ነበር። ለቹ ሰላምታ አልሰጡትም። ወንበሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። ቹ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱ ቀላ፣ ተነሳ። ጂንግ ክንዱን ያዘው።

ኳንግ አልተቀመጡም።

«ስሙኝ» አሉ። «አልሰረቅኩም። ከሌባ የከፋ ነው ያደረግኩት። ካለፈው የብርድ ወራት ጀምሮ አላሸትም። አንድም ነገር። ይህ ልጅ በምልክት ሲያዝዘኝ እኔ በስሜ ስመሰክር ቆይቻለሁ። የቢን ሳንቲም ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለዳኛም እላለሁ።»

ቶፉ የምትሸጥ አንዲት ሴት በሰዎች መሐል ተሽሎክልካ ወጣች። ከደረቷ የጨርቅ ቋጠሮ አውጥታ ፈታችና አንድ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በጸደይ ነው የገዛሁት» አለች። «ለልጄ መዳሪያ። እርስዎ ነዎት አሽትተው ውሰጂ ያሉኝ። የኔስ፣ አባባ?»

ኳንግ ሳንቲሙን አነሱት። ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ገለበጡት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ሴትየዋ ከንፈራቸውን ታያለች። ገበያው ሁሉ ከንፈራቸውን ያያል።

«አላውቅም» አሉ።

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ሳንቲሙን እዚያው ትታ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፣ ጥላቸው ግን አልሄደችም። ከኋላዋ አንድ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ኪሱን እየዳበሰ ቀረበ፤ ከእሱ ኋላ ሁለት ወንድማማቾች፤ ከእነሱ ኋላ ሌላ። ኳንግ ወንበራቸውን ሳቡና ተቀመጡ። ያንኑ «አላውቅም» የሚል ቃል ለሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ሊነግሯቸው።